የወንድሜ እግርና የእኔ ጭብጨባ

ወንድሜ ከመታመሙ በፊት በአዳማ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ከመሬት የሚነሣው በእሱ ድምፅ ነበር። እኛ ኩሊዎቹ በጉልበታችን የምናነሣው ይመስለን ነበር። እሱ በሌለበት ቀን ግን ያው ጆንያ፣ ያው ጀርባ፣ ያው እኛ ሆነን ሥራው ሳያልቅ ፀሐይ ትገባብናለች። እሱ አውጪ ነው፣ እኛ ተቀባይ ነን። ፉርጎው በር ላይ ቆሞ ስንኝ ይወረውራል፤ እኛ «ሆ!» ብለን እንቀበላለን፤ «ሆ!» ስንል ጆንያው ትከሻችን ላይ ነው።

ጨው ጭኖ ይመጣል ባቡሩ ከማዶ፣
የኔ ላብ እያለ በጀርባዬ ወርዶ።

ይህችን ያወጣት ዕለት ጆንያዬን እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ። ቅናት ይሁን ደስታ እስካሁን አላውቅም።

«አንተ! ጨዉ ሟሟብህ እንዴ? ሂድ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝና ሳቀ።

ሳቁ ከትከሻው ነበር የሚጀምረው። መጀመሪያ ትከሻው ይነቀነቃል፣ ከዚያ ጉንጩ ይነሣል፣ ከዚያ ዓይኑ ይጠፋል፣ ድምፁ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ያን ሳቅ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ከትከሻው ጀምሬ ልሠራው እሞክራለሁ። ጉንጩ ላይ ስደርስ ይፈርስብኛል።

አባታችን ሐዲዱ ሲዘረጋ ሥራ ፍለጋ ከቡልጋ የወረደ ሰው ነበር። እሱም እናታችንም ቀድመው ሄደው ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ፊደሉን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ከሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ለቀምኩ፤ ግጥሙን የተማርኩት ግን ከፉርጎው በር ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እየሮጥኩ ከጎኑ እሄዳለሁ፣ ከሜዳው ጫፍ ላይ ጥሎኝ ሲሄድ እመለሳለሁ። ድሬዳዋን አየዋለሁ፣ ባሕሩን አየዋለሁ እል ነበር። ወንድሜ ያገባት ከአዋሽ ማዶ፣ ከአርሲ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች። እንደ ሙሽራ ወግ ለባሏ ዘመድ ስም ማውጣት አለባትና አንድ ሳምንት አይታኝ «ወፍዬ» አለችኝ። አንድ ቅርንጫፍ ላይ አላርፍማ። እኔ «እትዬ» እላት ነበር፣ ምንም እንኳ በዕድሜ ብዙ ባትበልጠኝ።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር፣ በአንድ የሥራ ጓደኛችን ሠርግ ላይ ነው። ከየጣቢያው የመጣው ሰው ከታሰበው በዛና አረቄው ገና በጠዋቱ አለቀ። የሙሽራው አጎት ወጣ ብሎ፣ በዕቃ ባቡር ከመጣ አንድ አዟሪ በትልቅ ቆርቆሮ የታሸገ መጠጥ ገዝቶ መጣ። «የፈረንጅ አረቄ ነው፣ ከጅቡቲ» አለ። ዛሬ እንደሚገባኝ ከሆነ የእንጨት ሠሪ ቀለም መፍቻ ነው፤ መብራትም ይለኮስበታል። ያኔ ግን ቆርቆሮው ዳሱ ውስጥ ሲገባ እንደ ታቦት ነበር መንገድ የተለቀቀለት።

እኛ ሞኞች አልነበርንም። የማናውቀውን መጠጥ ዝም ብለን አንጠጣም። ሁለት ፈተና አለን። አንደኛው የእሳት ነው፤ አረቄው በሲኒ ይቀዳና ክብሪት ይጫርበታል። ውሃ የገባበት ከሆነ ተንተፍትፎ ይጠፋል፣ ንጹሕ ከሆነ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ወንድሜ የአሳላፊዎቹ አለቃ ስለነበር ሲኒውን እሱ ያዘ፣ ክብሪቱን እሱ ጫረ። ምንም አልታየም።

«ውሃ ነው! ውሃ ሽጠውልሃል!» አሉ ከወዲያ።

ወንድሜ ከዳሱ ላይ ሣር መዝዞ ሲኒው አናት ላይ ያዘው። ሣሩ ቦግ አለ። እሳቱ ነበር፤ በቀኑ ብርሃን ውስጥ ከመጥራቱ የተነሣ አይታይም፣ ሲኒው ላይ አየሩ ብቻ ይርገበገባል። ሰው ሁሉ እልል አለ። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር የተጠመቀው በመላእክት እጅ ነው» ሲሉ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ፈተና የመዳፍ ነው። በእኛ ወግ አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መጠጡ ውስጥ ክፉ ነገር ካለ አስቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ቀማሹ ቆሞ ከሄደ ሰው ልቡን ጥሎ ይጠጣል። ወንድሜም ለእያንዳንዱ ማንቆርቆሪያ መዳፉን እየዘረጋ ቀመሰ። «ለስላሳ ነው፣ ሴት ያባበለችው ይመስላል» አለ፤ ሰው ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ሲመላለስ ዋለ። እንዲያውም ከሁሉ ያልሰከረው እሱ ነበር።

ሁለቱም ፈተናዎቻችን ለችኩል መርዝ የተሠሩ ነበሩ። ያ መጠጥ አልቸኮለም። እንግዳው ሁሉ መርቆ እስኪወጣ፣ ሙሽሮቹ እስኪሄዱ፣ እኛም ተኝተን እስክንነሣ ጠበቀን። እኔ አረቄ ስለማልወድ ጠላዬን ይዤ ነበር የዋልኩት።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ጨው እያወረድን ነበር። ወንድሜ ፉርጎው በር ላይ ቆሞ ስንኝ ጀመረና መሐል ላይ አቆመ።

«ዛሬ ጉም ወረደ እንዴ?» አለ።

ከሥሩ ያለው ኩሊ «ጉም? እዚህ? ምነው ጌታው፣ ትናንት ከአሳላፊነት አልፈሃል!» ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ አቧራ ነው» አልኩት። አዳማ ሜዳ ላይ ጉም የለም፤ በጥር ያለን አቧራና ነፋስ ነው።

«ነጭ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉም ነጭ ነው። አንተ ወዴት ነህ?»

ፊት ለፊቱ ነበርኩ።

ከዚያ ትንፋሹ እንደ ሮጠ ሰው ሆነ፣ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ፣ ከፉርጎው ላይ እኛ እጅ ላይ ወደቀ። በዕቃ ጋሪ ጭነን ቤት አደረስነው። ወሬው ከየቤቱ መምጣት ጀመረ። ቆርቆሮውን የገዛው አጎት ሞተ። «የመላእክት እጅ ነው» ያሉት ሽማግሌም ሞቱ። ሌሎችም ሞቱ፤ አንዱ ጓደኛችን ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨርሶ አጣ። ከተማው ምክንያት ፈለገ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ፣ የሙሽራዋ የቀድሞ ፈላጊ መርዟል ያለ አለ። አዟሪው ከመጣበት ባቡር ጋር ሄዷል።

ወንድሜ የጠጣው መዳፉ ላይ ያለችውን ብቻ ስለነበር አልሞተም። ለቀናት እንደ ሬሳ ተኝቶ ነቃ። «ተመስገን!» ብለን ሳንጨርስ ነው ሌላው የጀመረን።

ዓይኑ ጥቂት ተመለሰለት፣ ግን ዳር ዳሩ ብቻ። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «ታየኛለህ?» ብለው «ሁለቱ ጆሮዎችህ ይታዩኛል፣ መሐላቸው ሰው የለም» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ፊቱን አተኩሬ ያየሁት። ጉንጩ አልተነሣም፣ ግንባሩ አልተጨማደደም፣ ዓይኑ እንኳ ዘግይቶ ነው የሚርገበገበው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየኛል፤ አያዝንም፣ አይቆጣም።

ቀስ በቀስ ሰውነቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተገተረ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ሳንቲም የሚቆጥር ይመስል ይንቀጠቀጣል። ሲሄድ እንደ ሕፃን ነው፤ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ በትንሽ በትንሹ ይገፋል። ደፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። ደፉ ከእጅ ጣት የማይበልጥ ከፍታ ያለው እንጨት ነው፤ እሱ ግን ተራራ ሥር እንደ ደረሰ ሰው ቆሞ ይቀራል። «እለፍ እንጂ ጋሼ» ስለው «እያለፍኩ ነው» ይለኛል፣ ቆሞ። ከሁሉ የከፋው ድምፁ ነበር። ያ ከፉርጎው በር ተነሥቶ ውሃ ማጠራቀሚያው ድረስ የሚሰማ ድምፅ ጆሮዬን አፉ ላይ ካላደረግሁ የማልሰማው ሹክሹክታ ሆነ።

ጸበል ወሰድነው፤ ጸበሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ ወንድሜ ተንቀጠቀጠ፣ ሌላ ነገር አልሆነም። በባቡር ያልፍ የነበረ አንድ የፈረንጅ ሐኪም ባቡሩ ውሃ እስኪሞላ ድረስ አየው። እጁን ዘረጋው፣ ክንዱን አጠፈው፣ ዓይኑ ፊት ጣቱን አንቀሳቀሰ። አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ነገረን፤ «መጠጡ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ሰውነትን የሚያዝዘውን ቦታ አቃጥሎታል ይላል። ቤቱ ቆሟል፣ ምድጃው ነው የጠፋው። ሐሳቡ ግን ደኅና ነው፤ የምትሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል።»

«ይመለሳል?» አልኩ።

አስተርጓሚው ሳይተረጉምልኝ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

አንድ ማታ ሊሆን ሲል እትዬ ከደጅ ጠራችኝ። እንጨት ትፈልጥ ነበር።

«ወፍዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጠልተውኛል?»

«ማን? ጋሼ? እንዴት ተብሎ!»

«ስገባም ስወጣም ፊታቸው አንድ ነው። ትናንት ወጡን አብዝቼ አሳርሬ አቀረብኩላቸው፣ ቢቆጡኝ ብዬ። ዝም ብለው በሉ።»

ገብቼ ለወንድሜ ነገርኩት። መልስ ከውስጡ እስኪወጣ መጠበቅ ለምጃለሁ። «እሷም ፊቷን ደብቃኛለች በላት» አለኝ። «ጉትቻዋን ብቻ ነው የማየው። ወጡ አሮ እንደነበር ግን ንገራት።»

ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዝናቡ ሊጀምር ሲል አባቷ ከአዋሽ ማዶ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አማት ሲመጣ የቤቱ ባል ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ደጅ ድረስ ወጥቶ መቀበል አለበት። ወንድሜ መምጣታቸውን ሰምቶ ሊነሣ ጀመረ። እጁን መደቡ ላይ ተከለ፣ ወደ ፊት ዘንበል አለ፣ እዚያው ቀረ። እኔ ልደግፈው ስል «ተወኝ» አለኝ። እየተነሣ ሳለ ገቡ፣ እየተነሣ ሳለ ቆመው ጠበቁት፣ እየተነሣ ሳለ ተቀመጡ።

«አካም ጂርታ?» አሉት አባቷ። እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። መልሱ አልተሰማም። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ «ነጉማ፣ ደኅና ነኝ፣ እንኳን ደኅና መጡ ይላል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ ብዙ ጊዜ ወንድሜን ተመለከቱትና «ልጄ» አሉት፣ «እኔ የሰጠሁህ ለሰው ነው። ጎጆ ያለ ምሰሶ አይቆምም። ልጄ ገና ለጋ ናት፤ እንጨት ስትፈልጥ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ አንተን ስታነሣና ስታስቀምጥ ከዚህ ቤት አርጅታ ትወጣለች። እወስዳታለሁ። ከሰው አልነጥቃትም፤ አንተም የእኔ ልጅ ነህ። በእግርህ ና። በእግርህ መጥተህ ሚስቴን ስጡኝ በለኝ፣ በእጄ እሰጥሃለሁ። በበቅሎ ተጭነህ ከመጣህ ግን አልሰጥም። የሚጫን እህል ነው።»

እትዬ ከጓዳ ወጥታ «አልሄድም» አለች በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ይበሉ እንጂ! አትሂጂ ይበሉኝ!»

ወንድሜ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብዬ ሰማሁት። ለመናገር አልፈለግሁም፤ እሱ ግን እጄን ይዞ ጠበቀኝ።

«ሂጂ ይልሻል» አልኳት።

ፊቱን ፈለገች። እንደ ሌላ ሰው ፊት ቢሆን «ሂጂ» የሚለው ቃልና ፊቱ ይጣሉ ነበር፤ ያኔ የትኛውን እንደምታምን ታውቃለች። ፊቱ ግን ምንም አላለም። ስለዚህ ቃሉን አመነች፣ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እየተነሣ የነበረው ወንድሜ ቆሞ የተገኘው በቅሎዎቹ ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው።

ክረምቱን አብረን ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታ ሌላ ድምፅ በቤቱ አልነበረም። ባቡሩ ሲያልፍ ድሮ እንደማደርገው ወጥቼ መሮጤን ተውኩ፤ ስሮጥ ደፍ ላይ ቆሞ ሲሰማኝ ይታየኝ ነበርና።

መስከረም ሲጠባ ወንድሜ «ጣቢያ ውሰደኝ» አለኝ። ሁለት እጁን ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ ቆመ። ብረቱ ለእሱ ደፍ ነው። ባቡር የሚመጣበት ሰዓት አልነበረም፤ ቢሆንም ሐዲድ መሐል መቆም ደስ አይልም። ስጎትተው ይብስ ተገተረ። ማዶ ጓደኞቻችን ቆዳ ይጭናሉ፤ አዲሱ አውጪ በተልካሻ ድምፁ አንድ ነገር ጮኸና እነሱ «ሆ!» አሉ።

የወንድሜ እግር ተነሣ።

ዓይኔ ለእንዲህ ያለ ነገር ፈጣን ነው። እጁን ለቀቅሁና ዝም ብዬ ጠበቅሁ። «ሆ!» አሉ ደግመው። ሌላኛው እግር ተነሣ፤ ተገፍቶ ሳይሆን ተነሥቶ፣ ከብረቱ በላይ አልፎ ማዶ አረፈ። በሦስተኛው «ሆ!» ከሐዲዱ ወጥቷል። እኔ ቆሜያለሁ፣ እሱ እየሄደ ነው፣ ከጉልበቱ እየታጠፈ፣ እንደ ሰው። አውጪው ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም ወንድሜም ቆመ።

ሮጬ ፊቱ ቆምኩና ማጨብጨብ ጀመርኩ። የመጣልኝን ስንኝ ሁሉ ጮህኩ። መጣ። ወደ እኔ መጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ይህ ሆነ። እኔ አውጪ፣ እግሩ ተቀባይ። ጠዋት ጠዋት ከቤት እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ጣቢያው እያጨበጨብኩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ እሱ ይከተለኛል። ጭብጨባው ሲቆም ይቆማል። የሚያስፈልገው ምቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ወንድሜ ግን ስንኙ የተበላሸ እንደሆነ አውቆ ይቆምብኛል። አንድ ቀን ይህን አወጣሁለት፤

እግር ያለው ሁሉ ይሄዳል በመንገድ፣
የወንድሜ እግር ግን ካልዘፈኑት አይሄድ።

ቆመ። ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግሁ። «የሚያነክሰው ግጥምህ ነው» አለኝ። «እኔማ ደኅና ነኝ።» ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው። ሳቁ ከየት እንደሚጀምር ስለማውቅ ትከሻውን አየሁ። ትከሻውም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ስስቅ ቆይቼ አለቀስኩ መሰለኝ።

ገበያው ለመደን፤ ቀለደብንም። ጠላ ሻጯ ደጇ ላይ ሆና «ኧረ ሙሽራው ወጣ! እልል በሉ፣ ሚዜው እያጨበጨበ ነው!» ትላለች። አንድ ጠዋት ወንድሜ ቆሞ አንሾካሾከልኝ፣ እኔ በእሱ ፈንታ ጮህኩ፤ «ሙሽሪት ማዶ ናት ይልሻል! አንቺ ብትተኪያት ደግ ነበር፣ ግን ጠላሽ ቀጥኗል!» ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጠላ ሻጯ አንድ ዋንጫ ቀድታ በእጇ አምጥታ አጠጣችው።

ሽሙጡም ቢሆን ሁለታችንም የት ለመሄድ እንደምንለማመድ አሳወቀን። የአባቷ ቃል ቃል ነው፤ በእግርህ ና።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አዋሽ ጎደለ ሲሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ውሃ በቅል፣ ቆሎ በከረጢት። መልካሳ ላይ ያለውን መሻገሪያ አልፈን ነው የእሷ አገር። ለደኅና ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እያጨበጨብኩ ወጣሁ። ስንኞቼ እስከ መጀመሪያው ጉብታ አደረሱን፤ ከዚያ የሱን የድሮ ስንኞች አወጣሁ፣ የጨዉንና የቆዳውን፣ የቡናውንና የቀይ ባሕሩን። እነሱም አለቁ። የተደገመ ስንኝ ደስ አይለውም፤ እግሩ ይሰንፋል። ፀሐይ ወጥታ አናታችንን ትጠብሳለች፣ ነፋሱ አቧራ አፌ ውስጥ ይሞላል፣ መዳፌ አብጦ ሲነካ ያመኛል። የምለው ነገር ሳጣ የጣቢያዎቹን ስም መጥራት ጀመርኩ።

«ወለንጪቲ፣ ሆ! መተሐራ፣ ሆ! አዋሽ፣ ሆ! ድሬዳዋ፣ ሆ!»

አንዱንም አላየሁትም። ሌሊት ሌሊት ተኝቼ በየተራ የምጠራቸው፣ አንድ ቀን እወርድባቸዋለሁ የምላቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ በአንድ አወጣኋቸው፣ እሱም አንድ በአንድ ረገጣቸው። ድሬዳዋ ላይ ስንደርስ ቁልቁለቱ አለቀና ወንዙ ታየን።

ወንዙ ጎድሏል የተባለው ለደኅና ሰው ነው። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም፣ ግን ድንጋዮቹን እየመታ ይጮኻል። ወንድሜ ዳሩ ላይ ቆመ። አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባዬን ውሃው ዋጠው። ጮህኩ፤ ድምፄንም ዋጠው። ውሃው ውስጥ ገብቼ ፊቱ ቆሜ እጄን እያማታሁ ጣርኩ። የእሱ እግር የሚሰማው ወንዙን ነው፣ ወንዙ ደግሞ ምት የለውም።

«ልዘልህ» አልኩት። «ጆንያ ስሸከም አይደል ያደግሁት? ማንም አያይም።»

አፉ ላይ ጎንበስ አልኩ። «የሚጫን እህል ነው» አለኝ።

ተቀመጥን። አህዮች ይዞ የሚሻገር አንድ ሰው ስናይ የአባቷን ቤት ምልክት ሰጥቼ «ወንድሜ በእግሩ እዚህ ደርሷል በላቸው» አልኩት። ከዚያ ግራር ሥር ሆነን ጠበቅን። ምን እንደምንጠብቅ አልተነጋገርንም። ቢመጡ ምን እንላለን? ቃሉ «ወንዝ ድረስ ና» አይደለም። ባይመጡ በየትኛው ግጥም ነው የምንመለሰው? ጥላው ዞረ፣ እኛም አብረነው ዞርን።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ማዶ ታዩ። አባቷ በትራቸውን ተደግፈው፣ እትዬ ከኋላቸው። ወንድሜ ሊነሣ ጀመረ። አባቷ ወንድሜን አዩት፣ እግሩን አዩት፤ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው አንድ ነገር አሏት፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። አባቷ ያሉትን በኋላ ነው የነገረችን፤ «በእግሩ መጥቷል። ወንዙ የእሱ ጥፋት አይደለም።»

ደርሳ ፊቱ ስትቆም እየተነሣ ነበር። አልጠበቀችውም፣ ከሥሩ ተቀመጠች። ጆሮዋን አፉ ላይ አደረገች። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ውሃው ይጮኻል፣ እኔም ሰው ሚስቱን ሲያናግር ጆሮ መስጠት ነውር መስሎኝ ፈቀቅ ብዬ ነበር። ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። እሱ ፊቱ እንደ ነበረ ነው። ያን ቀን ምን ብሎ እንዳሳቃት ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለቱም አልነገሩኝም።

አልዳነም፤ ሐኪሙ ትክክል ነበር። ዛሬም ጆሮዎቻችንን ያያል፣ መሐላቸው ሰው የለም። እጁ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ዓመታት አልፈዋል፣ ያ ድምፅ ከፉርጎው በር ዳግመኛ አልተሰማም፤ እኔም አሁን ድረስ ባቡር ሲቆም ቀና የምለው ለእሱ ነው።

የዚያን ቀን ግን ልንመለስ ስንል ተነሥቼ ያበጡ እጆቼን አነሣሁ። አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ፣ ፊቴ ከሕመሙ ተጨማደደ። እትዬ አየችኝ።

«ወፍዬ፣ እጅህን አሳርፍ» አለችኝ።

ፊቱ ሄዳ ቆመች። አላጨበጨበችም። ሴቶች እህል ሲወቅጡ ሙቀጫው ሥር እንደሚያደርጉት ትንፋሿን ከሆዷ እያወጣች፣ በእግሯም መሬቱን እየመታች «ኮቱ፣ ኮቱ» አለችው። በአገሯ ቋንቋ ና ማለት ነው። ሌላ ስንኝ የለውም፣ ቤት አይመታም፣ ወዲያና ወዲህ አይልም። ይህንኑ ይደጋግማል። የተደገመ ስንኝ የማይወደው ወንድሜ እግሩን አነሣ። ቁልቁል የወረድነውን ዳገት ወጡት፣ እሷ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደ ፊት፣ ከእኔ ጋር ሆኖ ሄዶ ከሚያውቀው ሁሉ አሳምሮ።

ከኋላቸው ሄድኩ። እጆቼ ሥራ አጥተው ጎኔ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከአዳማ በኩል የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ፤ የማታው ነው፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው። አሁን የሚይዘኝ አልነበረም። ነገ ልሳፈር እችል ነበር።

«ኮቱ» አለች እትዬ።

የወንድሜ እግር መሬት ነካ። እኔም እንደ ድሮው፣ እንዳይሰሙኝ ቀስ ብዬ፣ «ሆ» አልኩ።